ጫፉ የተቋጠረ ሰው

የአገሪቱን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ አንዱ «የአክስቴ አገር ናት» ይላል፣ ሌላው «የሚስቴ ናት» ይላል፣ ነገሩ ሽምግልና ይደርሳል። ብቻ ከገደል በላይ፣ ከወንዝ ወዲህ፣ ጥሩ ውሃና ብዙ ሹም ያላት አገር ነበረች በሉ። ውሃዋ የሚፈልቀው ከአንድ ምንጭ ነው። ሹሞቿ ከየት እንደሚፈልቁ ግን እስከ ዛሬ ያወቀ የለም።

በዚያ አገር ሰው ሲበደር አይፈርምም፣ ዋስም አይጠራም። አበዳሪው የተበዳሪውን ጋቢ ጫፍ ይይዝና ጥብቅ አድርጎ ይቋጥረዋል፤ በቃ። ዕዳው ሲከፈል ያው የቋጠረው እጅ ይፈታዋል፤ ቋጠሮው ለእጅ እንቢ ካለ በጥርሱ። ሌላ ሰው ቢፈታው እንደ ስርቆት ይቆጠራል። ያልተከፈለ ግብር ከሆነ ደግሞ ግብር ሰብሳቢው ከሩቅ እንዲታይ በቀይ ክር ያስረዋል። እናም እዚያ ሰው ተገናኝቶ «እንደምን አደርክ» ከመባባሉ በፊት ዓይን ወደ ጋቢ ጫፍ ይወርዳል። ነውር አይደለም፣ ልማድ ነው።

ምንጩ በር አለው። በሩ የሚከፈተው ሦስት ድንጋዮችን በተራ በማዞር ነው፤ ተራውን የሚያውቁት የበሩ ጠባቂና ምክትሉ ብቻ ናቸው። ተራው ከተሳሳተ ውሃው በቦዩ መሄዱን ይተውና ወደ ከተማው ይመጣል። በድሮ ዘመን አንድ ጠባቂ ነበረ አሉ፣ ገበጣ ሲወድ ለጉድ ነው። በገበጣ እየተበላ ሲበደር፣ ሲበደር፣ የጋቢው ጫፍ ዝልዝል ቋጠሮ ሆነ። ይህን ያየ የወንዝ ማዶ ነጋዴ መጣና «ዕዳህን በሙሉ እከፍልልሃለሁ፣ የድንጋዮቹን ተራ ብቻ ሹክ በለኝ» አለው። ጠባቂውም ሹክ አለ። በማግስቱ ከተማው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከፍየሎቹ ጋር ሰነበተ። ውሃው ሲጎድል የዘመኑ ንጉሥ እግራቸውን እያደረቁ ሕግ አወጡ፦ «ጫፉ የተቋጠረ፣ ምስጢር አይቋጥር።»

እውነቱን እንነጋገር፣ ሕጉ ክፉ አልነበረም። የተጨነቀ ሰው ጆሮው ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ያድርበታል። ሕጉ የተበላሸው ሹሞች ከገቡበት በኋላ ነው።

ጥንት ምርመራው ቀላል ነበር። አጋፋሪው አደባባይ ቆሞ «ዘርጋው!» ይላል፣ ሹሙ ሁሉ ጋቢውን ግራና ቀኝ ይዘረጋል፣ ቋጠሮ ያለበት ይታያል። ለትልቁም ሹም «ይዘርጉት» አይባልም፤ ሕግ ሰውን ሁሉ አንተ ነው የሚለው። አዲስ ተሿሚ ቃለ መሐላ ከመግባቱ በፊት አንድ ክረምት ሙሉ የሚሠለጥነው ይህንኑ ነበር፦ «ዘርጋው» ሲባል ሳያስቡ መዘርጋት። ያሰበ ይገረፍ ነበር። እያደር ግን ትልልቆቹ ሹሞች ተመካከሩና እንዲህ ያለው ጩኸት ለክብራችን አይመጥንም አሉ። ትእዛዙ ቀረ። ሥልጠናው ግን አልቀረም። ለምን ብትሉ፣ የአሠልጣኙ ደመወዝ አስቀድሞ ተመድቦ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ምርመራው «በትሕትና ማየት» ሆነ። ሊቀ ጫፍ የሚባል ሹም ተሾመ፤ ሥራው በሹማምንቱ መካከል ቀስ ብሎ ማለፍና ጫፍ ጫፋቸውን አይቶ «ንጹሕ ነው» ማለት ነው። ያን ጊዜ ሹሞቹ ጫፋቸውን ወደ ውስጥ ማጠፍ ጀመሩ። ልብስ ሰፊዎችም ፈጠን ብለው ሽፋን ጫፍ የሚሉትን አወጡ፤ ቋጠሮው ላይ የሚሰፋ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ውድ ጨርቅ። በዚያ አገር ትልቅ ሰው ሲቀመጥ «እህህ» እያለ ነበር የሚቀመጠው። ሕዝቡ «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ይላል። የምን እርጅና! ቋጠሮ ላይ እየተቀመጡ ነው እንጂ።

እንግዲህ የእኛ ሰው ዘርጋው ይባላል። እናቱ ብቸኛ ልጇ ስለነበረ ዘራችንን ዘርጋው ብላ ያወጣችለት ስም ነው። ሥራው የምንጩ በር ምክትል ጠባቂነት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሽማግሌው ጠባቂ ከአያ ላቀው ጋር ይሄዳል፣ ድንጋዮቹን ያዞራል፣ ውሃው ወደ ከተማ ይወርዳል፣ ሰው ይጠጣል፣ ማንም አያመሰግነውም። አያ ላቀው ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚያዞረው እሱ ብቻ ነበር። የበር ጠባቂዎች ምልክት አረንጓዴ ክር ነው፤ ዘርጋውም ወገቡ ላይ ይታጠቀዋል፣ በእሱም ይኮራል።

የዘርጋው ጋቢ ቋጠሮ ነበረበት፤ ያውም ወደ ውጭ። አንድ ክረምት ሚስቱ ማንጠግቦሽ ታመመች፤ በዚያው ሰሞን በረዶ የቤታቸውን ጣሪያ ይዞት ሄደ። ክፉ ቀን ሲመጣ ጓደኛውን አስከትሎ ነው። የመድኃኒቱንም የጣሪያውንም ገንዘብ ያበደረችው እህል ነጋዴዋ እትዬ ትርንጎ ናት፤ በገዛ እጇ ቋጥራዋለች። ከእሷ ቋጠሮ ጎን ቀያዮቹ ተደርድረዋል፤ የግብር ናቸው። ግብሩን ያልከፈለው እምቢ ብሎ አልነበረም። ግምጃ ቤቱ የበር ጠባቂዎችን ደመወዝ «ነገ» እያለ ዓመት ስላለፈው ነው። ቤተ መንግሥት ለእሱ አይከፍልም፣ እሱም ለቤተ መንግሥት አይከፍልም። የሚታየው ቋጠሮ ግን የእሱ ብቻ ነበር።

አያ ላቀው ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ አዲስ ጠባቂ ሊሾም ሆነ። ቅዳሜ በንጉሡ ፊት ሹመቱ ይሰጣል፣ ጫፍም ይታያል ተብሎ ታወጀ። የታጩት ሁለት ናቸው። አንዱ ዘርጋው ነው። ሌላው ነጋድራስ ሸጋው የሚባል፣ ጋቢው ወተት የመሰለ፣ ሲራመድ መሬት የሚጸየፍ ሰው። በሩን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይቶት አያውቅም።

ዘርጋው ወደ ጫፍ መሥሪያ ቤት ተጠራ። ሊቀ ጫፍ አሰግደው ከጠረጴዛው ጀርባ «እህህ» እያለ ተቀመጠና ይጠይቀው ጀመር። የዘንድሮን ግብር ገብተሃል ወይ አለው። ዘርጋው ደስ ብሎት ገብቻለሁ አለ፤ ለፋሲካ ግብር ንጉሡ ሕዝቡን ሲያበሉ እስከ መጨረሻው ማዕድ ተቀምጦ ነበር፤ ሥጋው ትንሽ ጅማት ቢበዛውም ጠጁ ደህና እንደነበር ጨምሮ ነገረው። ሊቀ ጫፍ የጠየቅሁህ ስለምትበላው ግብር ሳይሆን ስለምትከፍለው ነው ብሎ ተቆጣ። ዘርጋውም እሱንማ የምትበሉት እናንተ ናችሁ፣ እኔ ምን አውቄ አለው። በዚህ ጊዜ ሊቀ ጫፍ ወንበሩ ላይ ተገላበጠና እንደገና «እህህ» አለ።

«ስማ ዘርጋው» አለው በመጨረሻ፣ «ቅዳሜ ይህ ጫፍ እንዲህ እንዳለ ከታየ ሹመቱ መቅረቱ ብቻ አይደለም፣ ምክትልነቱም ይቀራል። ዕዳህን እስክትከፍል ከበሩ ትነሣለህ።»

«ከበሩ ከተነሣሁ ዕዳዬን በምን እከፍላለሁ?»

«እሱ የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው።»

«የትኛው ክፍል?»

ሊቀ ጫፍ መዝገብ ገልጦ ፈለገ። «ገና አልተቋቋመም» አለ።

ዘርጋው ሊወጣ ሲል ሊቀ ጫፍ ጠራውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሕጉ የሚናገረው ስለሚታይ ጫፍ ነው፣ የማይታየውን ሕጉም እኔም አናየውም አለው። ከዚያም የአንድ ልብስ ሰፊ ስም ጠቀሰለት። ልብስ ሰፊው የሊቀ ጫፍ አማች ነበር።

ዘርጋው በንዴት ወደ በሩ ተመለሰ። እዚያ ሲደርስ እኩለ ቀን ላይ አንድ እንግዳ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘ፤ የወንዝ ማዶ ነጋዴ ነው፣ ወገቡ ላይ ሰማያዊ ክር ጠቅልሏል። ማዶዎች ሲያበድሩ የሚቋጥሩት በሰማያዊ ነው። ሰውየው በማር የተለወሰ ምላስ ነበረው። የልጆቹን ጤና ጠየቀ፣ የጣሪያውን ጤና ጠየቀ፣ ቀጥሎ ጋቢውን አየና ከንፈሩን መጠጠ። የድንጋዮቹን ተራ ብትነግረኝ ይህ ሁሉ ነገ ይፈታል አለው። ዘርጋው ሳቀ። ነጋዴው ፊቱን ለውጦ፣ እንግዲያው ዕዳህን ለቤተ መንግሥት እነግራለሁ ቢለው ዘርጋው ይብስ ሳቀ። ሂድ ንገር አለው፤ ቤተ መንግሥትም ያውቀዋል፣ ገበያም ያውቀዋል፣ ልጆቼ ቋጠሮዬን እየነኩ ነው ቁጥር የተማሩት። ነጋዴው የሚይዝበት ነገር አጣና ተነሥቶ ሄደ። ዘርጋው ከላይ ሆኖ ሲያየው ሰውየው ወደ ማዶ አልተሻገረም፤ ወደ ነጋድራስ ሸጋው ግቢ ነበር የታጠፈው። የወተት ነጋዴ ይሆናል ብሎ ተወው፤ የዋህ ነው የኛ ሰው።

ቤቱ ሲገባ ሊቀ ጫፍ ያለውን ለማንጠግቦሽ ነገራት። ማንጠግቦሽ ነገር የምታጠብቅ ሴት አይደለችም፤ ግን ፈራች። ሥራው ከሄደ ጣሪያውም ይሄዳል፣ ልጆቹም በሰው ደጅ ይቀራሉ አለችው። አንተ እኮ አልሰረቅህም፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ብታደርግ ምን ይልሃል አለችው። ዘርጋው ተከራከረ፣ ከዚያ እሺ አለ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው መጣ። ሽፋኑ ተሰፋ። ዋጋው? በዱቤ! ልብስ ሰፊው ለሽፋኑ ዋጋ ሌላ ቋጠሮ ቋጠረና እሱንም አብሮ ሸፈነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዘርጋው በነጭ ጫፍ ወጣ። ጋቢው ከዚያ ወዲያ የእሱ አልመስል አለው። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ዓይኑን ወደ ታች ጣል እያደረገ እንኳን ደስ ያለህ፣ ከፈልክ እኮ ይለዋል። አንዱማ አቅፎ ሳመው። ዘርጋው ለእያንዳንዱ አንገቱን እየነቀነቀ አለፈ፤ ጆሮው ግን ፍም ሆኗል።

የእትዬ ትርንጎ ሱቅ መንገዱ ላይ ነው። በሌላ በኩል ልዙር ብሎ አስቦ ነበር፣ እግሩ ግን የለመደውን ሄደ። እሷ ጤፍ ስትነፋ ነበር። ቀና ብላ አየችው፣ ዓይኗም እንደ ልማዷ ወደ ጫፉ ወረደ፣ እዚያው ቀረ። ወንፊቱን አስቀመጠች። በትልቅ ሴት ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ግራ መጋባት አይቶ አያውቅም።

«ዘርጋው፣ የኔን ማን ፈታው?» አለችው።

ዘርጋው ነጩን ጫፍ ወደ ኋላው ሸሸገ።

«ገንዘቡ አይደለም» አለች። «ገንዘቡ ሲመጣ ይመጣል። ያን ክረምት ግን ማንም በር ሲዘጋብህ እኔ የቋጠርኩልህ አምኜህ ነው። ያንን ነው የሸፈንከው?»

ዘርጋው አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ ከዚያም በኋላ አላፈረም። እዚያው ሱቋ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ አለና ሽፋኑን በጥርሱ ይተለትለው ጀመር። ትርንጎም ቢላዋ አቀበለችው። የልብስ ሰፊው ስፌት ጠንካራ ነበር፣ ለሹሞች የለመደ እጅ ነውና። ሲያልቅ ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ የትርንጎ፣ ቀያዮቹ፣ የልብስ ሰፊውም። ትርንጎ የራሷን ቋጠሮ ነካ አድርጋ ጥብቅ መሆኑን አየችና «አሁን ሂድ» አለችው። የሚሄደው ሥራውን ሊያጣ መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

አደባባዩ ጢም ብሏል። ንጉሡ ከፍ ባለው ዙፋን ላይ ካባቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ከበታቻቸው ሹማምንቱ በረድፍ በረድፍ፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም በግማሽ ጎናቸው የተቀመጡ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ነጋድራስ ሸጋው አለ። ዘርጋው ከሕዝቡ ጋር ከኋላ ቆመ፤ ያዩት ሰዎች ጫፉን ሲያዩ ትንሽ ራቅ አሉለት። አያ ላቀው ብቻ በዱላቸው ዳብሰው አጠገቡ ቆሙ።

ሊቀ ጫፍ በትሕትና አየ፣ ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ነው እያለ አለፈ። ቀጥሎ እጩዎቹን መጥራት የአጋፋሪ ቢተው ሥራ ነው። አጋፋሪ ቢተው አዲስ ነው፣ ድምፁ ግን ገደል ያስተጋባል፤ የተሾመውም ለድምፁ ነው። መጀመሪያ «ነጋድራስ ሸጋው!» አለ። ሸጋው ተነሣ፣ እጅ ነሣ፣ ተመልሶ በክብር ቆመ። አጋፋሪው የሁለተኛውን እጩ ማዕረግ ፈለገ፣ አጣ። ፊታውራሪ አይደለም፣ ባላምባራስ አይደለም፣ አቶም ያለው ሰው የለም። እንግዲህ ስሙን ብቻ ልጥራው አለና ደረቱን ነፍቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ጮኸ፦

«ዘርጋው!»

ወይ ጉድ! አደባባዩ በአንድ ጊዜ ሻሻሻ አለ። ያ ሁሉ የክረምት ሥልጠና፣ ያ ሁሉ ጅራፍ በከንቱ አልቀረም። ፊተኛው ረድፍ ብድግ ብሎ ዘረጋ፣ ሁለተኛው ረድፍ ዘረጋ፣ የግምጃ ቤቱ ሹም ዘረጋ፣ ሊቀ ጫፍ አሰግደው ራሱ ከመካከላቸው ክንፉን ዘረጋ። ማንም አላሰበም። ሽፋኑ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ ውስጡ ወደ ፀሐይ ወጣ፤ ቋጠሮ ብትሉ ቋጠሮ፣ ቀይ ብትሉ ቀይ፣ ሽምብራ የተሰጣበት አውድማ መሰለ። አንዱ ሽማግሌ ሹም ላይ የተቋጠረው ከአያቱ የወረሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ሻግቷል።

ንጉሡስ? ንጉሡም ልዑል ሳሉ አንድ ክረምት ሠልጥነዋል። እኩለ ቀን ሲቃረብ ትንሽ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። ያ ድምፅ ሲመጣ ብድግ አሉና ካባቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉት።

በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያልዘረጋ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ለእሱ ትእዛዝ ሳይሆን ስሙ ነው። ከኋላ ሆኖ፣ እጁን አንሥቶ፣ «አቤት!» አለ።

የዘረጉት እንደ ዘረጉ ቀሩ፤ እጥፍ ይበሉ አይበሉ ትእዛዝ አልመጣም። ንጉሡ መጀመሪያ የራሳቸውን ካባ አዩ፣ ቀጥሎ ሹማምንቱን አዩ፣ ቀጥሎ ማነው ዘርጉ ያለው ብለው አጋፋሪውን ጠየቁ። አጋፋሪ ቢተው፣ እኔ ስም ነው የጠራሁት፣ የሰውየው ስም ነው አለ። ንጉሡ ወደ ዘርጋው አዩ። ዘርጋውም እጁን እንዳነሣ ነው። ንጉሡ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ተቆጡ ሲባል ሳቃቸው አመለጣቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ሕዝቡም ተከትሎ ሳቀ፣ አያ ላቀው ማየት ስላልቻሉ ምንድነው ምንድነው እያሉ ዘርጋውን ይጎትቱታል።

ሳቁ ሲበርድ ንጉሡ ዘርጋውን ወደ ፊት አስጠሩትና ጋቢውን አዩ። «የአንተ ደግሞ ከውጭ ነው» አሉት። «ሽፋን አጣህ?»

«ንጉሥ ሆይ፣ ዛሬ ጠዋት ሸፍኜ ነበር። ያበደሩኝ ሴትዮ የኔን ማን ፈታው ቢሉኝ መልስ አጣሁና ቀደድኩት።»

ንጉሡ ቋጠሮዎቹን ንገረኝ አሉት። ዘርጋውም ነገራቸው፤ ይህ የትርንጎ ነው፣ ለጣሪያና ለመድኃኒት፤ እነዚህ ቀያዮቹ የእርስዎ ናቸው፣ የግብር፤ ይህች ደቃቃዋ ሌሎቹን ለመደበቅ የተበደርኳት ናት። በዚህኛው ሕዝቡ እንደገና ሳቀ። ንጉሡ ወደ ነጋድራስ ሸጋው ዞሩ። የሸጋው እጆች አሁንም እንደ ተዘረጉ ነበሩ። በወተቱ ጋቢ ውስጥ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሰማያዊ ቋጠሮ ተደርድሯል። አንተስ ንገረኝ አሉት። ሸጋው ቀስ ብሎ ጋቢውን ሊያጥፍ ጀመረ። ቅዝቃዜ በአደባባዩ አለፈ፤ ከተማው ጣሪያ ላይ የወጣበትን ወሬ ከአያቱ ያልሰማ አልነበረምና።

«ነጋዴው እኔም ጋ መጥቶ ነበር» አለ ዘርጋው ቀስ ብሎ። «ዕዳዬን አገር ስላወቀው ማስፈራሪያ አጣ። ነጋድራስን ግን ማን ያውቅባቸው ነበር?»

ንጉሡ ሊቀ ጫፍን ጠርተው ሕጉ ምን ይላል ብለው ጠየቁ። ሊቀ ጫፍ የራሱን ቋጠሮ በክርኑ ሊከልል እየታገለ ነበር። ሕጉ እንደ ቃሉ ከተፈጸመ ከዚህ አደባባይ ምስጢር ማወቅ የሚፈቀድለት አንድ ሰው እንደማይኖር፣ ንጉሡም የገዛ ምክራቸውን መስማት እንደማይችሉ አሰበ። ሹም ሲጨንቀው ሊቅ ይሆናል። ጫፉ የተቋጠረ ሲል ሕጉ ተደብቆ የተቋጠረ ማለቱ ነው፤ ድሮም ትርጓሜው ይኸው ነበር፣ እኔም ሁልጊዜ የማስተምረው ይህንኑ ነው አለ። አስተምሮ አያውቅም።

ንጉሡ ይሁን አሉና ሸጋውን ከማዶዎች ዕዳው እስኪጸዳ የቦይ ጭቃ እንዲያወጣ፣ ጋቢውንም ገልብጦ እንዲለብስ አዘዙ። ለዘርጋው የበሩን ጠባቂነት ሰጡት። ዘርጋው ግን እጅ ነሥቶ አልሄደም፤ የንጉሡን ካባ እያየ ቆመ።

«ሌላ ምን አለህ?» አሉት።

«ንጉሥ ሆይ፣ አንዷን ቋጠሮዎን አውቃታለሁ። አረንጓዴ ክር አላት።» ወገቡ ላይ ያለውን ክር ያዘ። «የእኛ የበር ጠባቂዎቹ ናት፤ ደመወዛችን የቀረ ጊዜ ካባዎ ግምጃ ቤት ሳለ በዚህ እጄ የቋጠርኳት።»

ንጉሡ ጎንበስ ብለው አዩ። አረንጓዴዋ ከሁሉ ትልቅ ነበረች፤ ያውም ልክ ከሚቀመጡበት በታች። «እቺ ናት እንዴ!» አሉ። «እኔ እኮ ዓመት ሙሉ ደህና ተቀምጬ አላውቅም።» ወዲያው የግምጃ ቤቱ ሹም ተጠራ፤ ሹሙም ሣጥኑ ባዶ ነው ብሎ ማለ። ሲመረመር ግን ባዶ አልነበረም፣ ለዘንድሮ የሽፋን ጫፍ ጨርቅ መግዣ የተመደበ ገንዘብ ሞልቶበታል። ከዚያ ላይ ደመወዙ ተቆጥሮ ለዘርጋውና ለአያ ላቀው ተሰጠ። ልማዱ ልማድ ነውና የንጉሡን ቋጠሮ መፍታት የነበረበት ባለ ዕዳው ሳይሆን ባለ ገንዘቡ ነው። ቋጠሮዋ ዓመት ሙሉ ንጉሥ የተቀመጠባት ስለሆነች ለእጅ እንቢ አለች። ዘርጋው በአገር ፊት ተንበርክኮ የንጉሡን ካባ በጥርሱ ፈታ። ንጉሡም እስከ መጨረሻው ካባቸውን ይዘውለት ቆሙ፤ ከዚያ ዙፋናቸው ላይ ሲቀመጡ «እህህ» አላሉም። ሕዝቡ ይህንን ልብ አለ።

ግብር ሰብሳቢው ቀያዮቹን እዚያው ፈታለት። ልብስ ሰፊውም ዋጋውን ተቀብሎ የራሱን ፈታና ዛሬ ሥራዬ አበቃ እያለ ሄደ። ዘርጋው ቀጥታ ወደ ትርንጎ ሱቅ አመራ። እሷ ገንዘቡን ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ ከተተች፣ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ፈታች፣ የተጨማደደውን ጫፍ በመዳፏ አለሰለሰችው።

«ዛሬ ጠዋት ሸፍነህ ሄደህ ቢሆን» አለችው፣ «ገንዘቤን በወርቅ ብትመልስልኝም አልፈታልህም ነበር።»

ዘርጋው እንባው መጣ፤ እሷም አላየሁም ብላ ወደ ጤፏ ዞረች። ጋቢው ቀለለው። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ፤ ማንጠግቦሽ በርበሬ አምጣ ብላው እንደነበር ትዝ አለው፣ ደመወዙ ደግሞ ለዕዳ አልቋል። አፍሮ ሳይሆን እየሳቀ ጫፉን ዘረጋላት። ትርንጎም በርበሬውን ሰፍራ አዲስ ቋጠሮ ቋጠረችለት፣ ወደ ውጭ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ማንም ለሹመት ሲታጭ አጋፋሪው ማዕረግ አይጠራም፣ ስምም አይጠራም። ሁሉንም በዘርጋው ስም ነው የሚጠራው። የተጠራውም አቤት ብሎ ይዘረጋል፣ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ይናገራል፣ ሰው ይሰማል። ልብስ ሰፊዎቹ ወደ ሱሪ ሥራ ገቡ። ወንዙ ማዶ ያለው ነጋዴ ሰማያዊ ክሩን እንደ ጠቀለለ ይኖራል ይባላል፤ የሚቋጥርበት ድብቅ ጫፍ አጣ።

እኔም የእናንተ አንድ የወሬ ዕዳ ነበረብኝ፤ ይኸው ከፈልኩ። የቋጠራችሁት እናንተው ፍቱልኝ።